ባህር ዳር ላይ ፓወር ባንክ ከየት ልግዛ? ጥቆማ ስጡኝ

የጣና ልጅ፦
ሰላም ቤተሰብ፣ ስራዬ እንግዳ ይዞ ዘጌና ደሴቶቹን ማስጎብኘት ነው፣ ጠዋት በጀልባ ወጥቼ ማታ ነው የምመለሰው፣ ስልኬ ደሞ ከሰአት ላይ ይዘጋል። ቤት ስገባ መብራት የለም። 20000 (mAh) የሆነ ኦርጅናል ፓወር ባንክ የት አገኛለሁ? ኦራይሞ ይሻላል አንከር?

ቀበሌ 14፦
እኛ ሰፈር እኔ የምገዛበት ልጅ አለ፣ እሱ ጋ ሂድ። አምስት አመት ሙሉ ካቨሩንም ቻርጀሩንም ከሱ ነው የምወስደው፣ ሌላ ቦታ አትልፋ። በውስጥ አናግረኝ ቦታውን እነግርሃለሁ።

የፖሊ ተማሪ፦
ከሱቁ በፊት እቃውን እወቀው ወንድሜ። እኔ ኤሌክትሮኒክስ ነፍሴ ነው፣ እስካሁን አራት ፓወር ባንክ ገዝቻለሁ። 20000 የሚሉት ውስጡ ያለው ባትሪ በ3.7 ቮልት ሲለካ ነው፣ ወደ ስልክህ የሚወጣው ግን 5 ቮልት ነው፣ እዛ መሃል ሲቀየርና በሙቀት ሲባክን እጅህ የሚገባው 12 ወይ 13 ሺ ገደማ ነው። 5000 ባትሪ ያለውን ስልክ ሁለቴ ተኩል ይሞላልሃል፣ አራቴ የሚልህን አትስማ። ጀርባው ላይ በደቃቁ የተጻፈውን አንብብ፣ 74 ዋት ሰአት (Wh) ገደማ ማለት አለበት። ደሞ በእጅህ መዝነው፣ እውነተኛው 20000 አብዛኛውን ጊዜ ከ300 ግራም በላይ ነው። ኪስ የምትገባ ቀላል ነገር ላይ 50000 ተጽፎ ካየህ ጥለህ ውጣ። ኦራይሞ አንከር ብለህ አትጨነቅ፣ የሁለቱም ኮፒ ሞልቷል።

እማ ሶል፦
ኧረ ኦርጅናል የሚለውን ቃል አታንሱብኝ!! አምና ስክሪን ላስቀይር አንድ ቤት ሰጠሁ፣ ኦርጅናል ነው ብሎ ብሩን ተቀበለኝ፣ ሳምንት ሳይሞላው ስክሪኑ ሳልነካው በራሱ ይከፍታል ይዘጋል፣ ሌሊት 8 ሰአት ለአለቃዬ ደወለ። መልሼ ብወስደው "ጥለሽው ነው" አለኝ፣ ከዛ ላስተካክለው ብሎ ሙልጭ አርጎ አጠፋው፣ የልጄ የመጀመሪያ አመት ፎቶ በሙሉ ሄደ። ደረሰኝ አልያዝኩም፣ ምን ልበል?

ግሽ አባይ፦
የት ነው እህቴ፣ ስሙን አውጪውና ሰው ይጠንቀቅ።

እማ ሶል፦
ስም አልጠራም፣ እንጀራው ነው። ግን ስልክ ከመስጠታችሁ በፊት ፎቶአችሁን ሌላ ቦታ አስቀምጡ፣ በልጆቻችሁ።

ግሽ አባይ፦
እኔም ባትሪ አስቀይሬ በሁለት ወሩ አብጦ የጀርባውን ክዳን ገፍቶ ከፈተው። አሁንም እየተጠቀምኩበት ነው።

የፖሊ ተማሪ፦
ያበጠ ባትሪ??? ዛሬውኑ አቁመው። ቻርጅ አታድርገው፣ አትጫነው፣ በመርፌ አትውጋው፣ ይቀጣጠላል። አስወጣው።

ቀበሌ 14፦
የኔ ልጅ ጋ ቢሆን ይሄ ሁሉ አይመጣም ነበር።

ባለ ባጃጅ፦
ሰውየው የጠየቀው ፓወር ባንክ ነው፣ እናንተ ስክሪን ትቀይራላችሁ። ቀበሌ 14 ደሞ ልጁ አማችህ ነው እንዴ? አንድ ቀን እንኳ ስለ እቃው ስትናገር አልሰማንም።

ሰባታሚት፦
ሶላር ያለውን ግዛ በቃ፣ ጀልባ ላይ ፀሐይ እንደ ጉድ ነው።

የፖሊ ተማሪ፦
እሱን አልመክርም። ጀርባው ላይ ያለችው የሶላር ቁራጭ 1 ዋት ተኩል ብትሰጥ ነው፣ 74 ዋት ሰአት ለመሙላት 50 ሰአት ጠራራ ፀሐይ ትፈልጋለች፣ ባትሪው ደሞ ሙቀት ይጎዳዋል። ማታ መብራት ሲመጣ ሙላው፣ ጀልባ ላይ ጥላ ውስጥ ውሃ በማያስገባ ቦርሳ ያዘው። ስትገዛ ስልክህን ይዘህ ሂድና ብሩን ሳትከፍል ሰክተህ እየው፣ ደረሰኝም ተቀበል። እንግዶችህ በአውሮፕላን የሚመለሱ ከሆነ ፓወር ባንክ በእጅ ሻንጣ ነው የሚያዘው ብለህ ንገራቸው፣ የሚጫነው ሻንጣ ውስጥ አይፈቀድም።

ሰባታሚት፦
ስልኩን ራሱን ለምን አትቀይረውም? 6000 ባትሪ ያላቸው አሉ እኮ።

የጣና ልጅ፦
ሁላችሁንም እግዜር ይስጥልኝ፣ እማ ሶል በጣም አዝኛለሁ። 74 የሚለውን አያለሁ። ኬብሉስ? አብሮት የሚመጣው ይበቃል ወይስ ለብቻ ልግዛ?

ቀበሌ 14፦
ኬብልም ልጁ ጋ አለ።