ለሰርጀሪ ማች ከውጤት ሌላ ምን ይታያል?

ጥያቄ፦ ሰላም ለሁላችሁ። አሜሪካ ውስጥ ለጄነራል ሰርጀሪ ሬዚደንሲ (የቀዶ ሕክምና ስፔሻሊቲ ሥልጠና) በማች፣ ማለትም አመልካቾችንና ፕሮግራሞችን በሚያገናኘው ምደባ፣ ላመለክት እየተዘጋጀሁ ነው። ከሐኪምነት ፈቃድ ፈተናዎቹ የመጀመሪያው፣ ስቴፕ 1፣ ከ2022 (እ.ኤ.አ.) ወዲህ ነጥብ የለውም፤ ማለፍና መውደቅ ብቻ ሆኗል። ስለዚህ ሰው ሁሉ የሚያወራው ስለ ስቴፕ 2 ነው። የእኔ መካከለኛ ነው። ካለፉ በኋላ ነጥብ ለማሻሻል ብሎ ድጋሚ መፈተን ደግሞ የለም። ሁለት የሰርጀሪ ሮቴሽን (ሆስፒታል ውስጥ የሚደረግ የተግባር ልምምድ) ይቀረኛል። እህታችሁን ምከሩኝ፤ ጉልበቴን ምን ላይ ላውለው?

መልስ (የ3ኛ ዓመት ሬዚደንት)፦ እህቴ፣ እነዚህን ሁለት ሮቴሽኖች አጥብቀሽ ያዣቸው። ነጥብ ማመልከቻሽ እንዲነበብ ያደርጋል። ከዚያ በኋላ እኛ ሬዚደንቶች ሐሳብ ስንጠየቅ፣ ሌሊት ዘጠኝ ሰዓት ላይ ከዚህች ልጅ ጋር ተረኛ ብሆን ደስ ይለኛል ወይ ብለን ነው የምናስበው። ከሮውንድ (ቡድኑ ታካሚዎችን ከሚጎበኝበት ሰዓት) በፊት የታካሚሽ ድሬን (ፈሳሽ ማስወጫ ቱቦ) ስንት እንዳወጣ፣ ሌሊት አተኩሶት እንደሆነ እወቂ። ኦፕራሲዮን ክፍል የምትገቢበትን አናቶሚ ማታውኑ አንብቢ። ስፌት ቤትሽ ተለማመጂ። ከሁሉ በላይ ያላየሽውን «አይቻለሁ» እንዳትዪ። አንዲት ተማሪ ስለ ላብ ውጤት ስትጠየቅ «አላየሁትም፣ አሁኑኑ አያለሁ» አለች። እኔ ያመንኳት ያን ቀን ነው።

መልስ (ሌላ አባል)፦ የድጋፍ ደብዳቤ አትርሺ። ለአንድ ፕሮግራም እስከ 4 ይላካል። ስሙ የገነነ ግን የማያውቅሽ ሰው ከሚጽፍልሽ፣ አብረሽው የሠራሽ ሰርጅን ቢጽፍልሽ ይሻላል። ስትጠይቂ «ጠንካራ ደብዳቤ ሊጽፉልኝ ይችላሉ?» በዪ። ካመነቱ አመስግነሽ ሌላ ፈልጊ። ደብዳቤውን የማየት መብትሽንም ተዪው፤ አንባቢው የበለጠ ያምነዋል።

መልስ (ከውጭ አገር ተምሮ የገባ)፦ ካቴጎሪካልና ፕሪሊሚነሪ የሚባሉትን የሥልጠና ቦታዎች ለዪ። ካቴጎሪካል እስከ ምረቃ ያደርስሻል። ፕሪሊሚነሪ የሰርጀሪ ቦታ ብዙውን ጊዜ የአንድ ዓመት ነው፤ ቀጣዩ ዓመት ዋስትና የለውም። እኔ ይህን ዘግይቼ ነው የገባኝ። ምርምርሽንም ኢንተርቪው ላይ አብራርተሽ የምትናገሪውን ያህል ብቻ ጻፊ።

ጠያቂዋ፦ እግዚአብሔር ይስጥልኝ! ራንክ ሊስትስ (ፕሮግራሞቹን በምርጫ ቅደም ተከተል የማስገባበት ዝርዝር)? ይቀበሉኛል የምላቸውን ላስቀድም?

መልስ (የ3ኛ ዓመት ሬዚደንት)፦ በፍጹም! በእውነት መሄድ የምትፈልጊበትን አስቀድሚ። የማቹ ስሌት የሚነሳው ከአመልካቹ ምርጫ ነው። ከፍ ያለውን አንደኛ ስላደረግሽ የታችኛው አያመልጥሽም።