ቶንና ሙድን እንዴት ልለያቸው?

ሰላም ለሁላችሁ። የእንግሊዝኛ ፈተና ደርሶብኛል፤ እባካችሁ አስረዱኝ። ሲሚሊ («እንደ» እያሉ ማነጻጸር) እና ሜታፎር (አንዱን ነገር በቀጥታ ሌላ ነገር ነው ብሎ መግለጽ) አያስቸግሩኝም። ግራ የሚያጋቡኝ ቶንና ሙድ ናቸው። ቶን የጸሐፊው አመለካከት፣ ሙድ ደግሞ አንባቢው ላይ የሚፈጠረው ስሜት መሆኑን አውቃለሁ። ምንባብ ሲሰጠኝ ግን ይምታታብኛል። ለምሳሌ ተራኪው ስለ ቀብር እየቀለደ ቢያወራና እኔን ግን ሆዴን ቢያባባው፣ ቶኑ ቀልድ፣ ሙዱ ሐዘን ነው ማለት ነው?

ሌላው ድርሰቱ ነው። መግቢያው ላይ ቲሲሴን፣ ማለትም የድርሰቴን ዋና ሐሳብ፣ አስቀምጣለሁ፤ ጥቅስም አስገባለሁ። ከዚያ በኋላ ብዕሬ ቀጥ ይላል። «ጸሐፊው ሜታፎር ተጠቅሟል» ማለት ብቻውን እንደማይበቃ ገብቶኛል። ጥቅሱ ሐሳቤን እንዴት እንደሚደግፍ መተንተን አለብኝ። ትንታኔውን ከየት ልጀምር? አንዲት አንቀጽ ጽፋችሁ ብታሳዩኝ በጣም ነው የማመሰግነው።