ጆይስቲኩ መሃል ላይ አልረጋ አለ

ሳቢያን፦ ሰላም ነው ድሬዎች? የኮምፒውተር የበረራ ጌም ስጫወት ጆይስቲኩን (መንጃ ዘንጉን) ሳልነካው አውሮፕላኑ ወደ ግራ ያዘነብላል። ካሊብሬት ባደርገውም (መሃሉን እንደገና ባስተካክለውም) በማግስቱ ያው ነው። ይጸዳል ወይስ አዲስ ልግዛ?

ከዚራ፦ አቦ፣ ፖቴንሽዮሜትሩ ነው፤ ዘንጉ የት እንዳለ የሚለካው ክፍል። አቧራው ውስጡ ባለው የካርቦን ንጣፍ ላይ ሲቀመጥ ንባቡ ይዘላል። ዩኤስቢውን ንቀል፣ ከሥር ብሎኖቹን ፍታ፣ በፖቴንሽዮሜትሩ እግሮች በኩል ባለችው ክፍተት ኮንታክት ክሊነር (የኤሌክትሪክ መገናኛ ማጽጃ ስፕሬይ) ትንሽ ንፋበት፤ ዘንጉን 30 ጊዜ ያህል ግራ ቀኝ አዙርና በደንብ ይድረቅ። የብሎን ማላቀቂያ ዘይት እንዳትሞክር፣ አቧራ ይሰበስባል።

መጋላ፦ ካርቦኑ ከተበላ ማጽዳቱ ትርፉ ድካም ነው። ከገዛህ ሆል ኢፌክት ሴንሰር ያለው ይሁን፤ በማግኔት ስለሚያነብ የሚፋቅ ነገር የለውም። ትረስትማስተር ቲ.16000ኤም የሚባለው ጆይስቲክ እንዲያ ነው። ዘንጉን ስትጠመዝዘው የሚያነበው ግን እዚያም ፖቴንሽዮሜትር ነው፤ ሻጩ ይህን አይነግርህም።

ሳቢያን፦ እስከዚያስ?

ከዚራ፦ ዴድ ዞኑን (መሃል ላይ የዘንጉ እንቅስቃሴ የማይቆጠርበትን ክልል) 5 በመቶ አድርገው። ካበዛኸው ስታሳርፍ አውሮፕላኑ ትንንሽ እርማትህን አይሰማም።