የእንግሊዝኛን ዓረፍተ ነገር ባለቤትና ፕሬዲኬት ለልጆች እንዴት እናስለይ?

ጠያቂ፦ ባሕር ዳር ውስጥ ለአራተኛ ክፍል እንግሊዝኛ አስተምራለሁ። ተማሪዎቼ «ዘ ቦይ ራን» በሚለው ዓረፍተ ነገር ባለቤቱን ወዲያው ይለያሉ፤ «ዘ ቦትስ ኦን ዘ ሌክ አር ስሞል» ስላቸው ግን፣ ለግሱ የቀረበው ስም እርሱ በመሆኑ፣ «ሌክ» ነው ይሉኛል። ምን ትመክሩኛላችሁ?

መላሽ 1፦ መምህር፣ በቅድሚያ ግሱን እንዲፈልጉ ይንገሯቸው፤ ከዚያም ከግሱ በፊት ያለውን ሁሉ በአንድ ተውላጠ ስም እንዲተኩ ያድርጉ። «ዘይ አር ስሞል» ትክክል ሲሆን «ኢት አር ስሞል» ስለማያስኬድ፣ ባለቤቱ «ዘ ቦትስ ኦን ዘ ሌክ» የሚለው ሐረግ በሙሉ፣ የሐረጉም መሪ «ቦትስ» መሆኑን ይረዳሉ። የቀረው «አር ስሞል» ፕሬዲኬት፣ ማለትም ስለ ባለቤቱ የሚናገረው ክፍል ነው።

መላሽ 2፦ ዘዴው ጥሩ ነው፤ ነገር ግን «ከግሱ በፊት ያለው ሁሉ» የሚለው አነጋገር ያሳስታል። «ኢን ዘ ሞርኒንግ ዘ ፊሸርመን ሴል ፊሽ» በሚለው ውስጥ የመጀመሪያዎቹ ሦስት ቃላት ጊዜን ስለሚገልጹ የፕሬዲኬቱ ወገን ናቸው። ስለዚህ ልጆቹ አስቀድመው «የሚሸጠው ማን ነው?» ብለው ቢጠይቁ ይሻላል። በአማርኛ «መጣ» ማለት ብቻውን ስለሚበቃ፣ «ኬም የስተርዴይ» ብለው ባለቤቱን ቢተዉትም አይግረምዎ፤ እንግሊዝኛ ባለቤቱን እንዲህ በቀላሉ የሚተወው እንደ «ሲት ዳውን» ባለ ትእዛዝ ነው።

ጠያቂ፦ አመሰግናለሁ። ጥያቄያዊ ዓረፍተ ነገሮችንስ አብሬ ላስተምር?

መላሽ 1፦ «አር ዘ ቦትስ ስሞል?» ሲባል ግሱ ከባለቤቱ ስለሚቀድም፣ ተራው ዓረፍተ ነገር እስኪጸና ድረስ ቢያቆዩት እመርጣለሁ።