እናትና አባቴ ወተት ይጠጣሉ፣ እኔን ለምን አይስማማኝም?

የአዋሽ ልጅ፦
ሰላም ለሁላችሁ። ብዙ ጊዜ ሲከነክነኝ የኖረ ጥያቄ ነው። አባቴ አፋር ተወልዶ ያደገ ሰው ነው፣ ጠዋት አንድ ትልቅ ኩባያ ወተት ካልጠጣ ቀኑ አይጀምርለትም። እናቴም ይስማማታል። ሁለቱ ታናናሾቼም እንደዛው። እኔ ግን ግማሽ ብርጭቆ ከጠጣሁ ብዙም ሳይቆይ ሆዴ ይነፋል፣ ይጮኻል፣ ከዚያ ወደ ሽንት ቤት ሩጫ ነው። እርጎ ግን ምንም አይለኝም። አያቴ ጋ ስንሄድ ወተት ተቀድቶ ይመጣልኛል፣ "ይቅርብኝ" ስላት ፊቷ ላይ የማየው ነገር ያሳዝነኛል፣ ምክንያቱም እዛ ቤት ለእንግዳ ወተት መስጠት ትልቅ ክብር ነው። አክስቴ ደግሞ "ይሄ ልጅ ማንን ወጥቶ ነው?" ትላለች። ክፉ አስባ አይደለም፣ ግን ይቆረቁረኛል። ከሁለቱ ተወልጄ እንዴት ሁለቱም ላይ የሌለ ነገር እኔ ላይ ይመጣል? አንድ ጓደኛዬ ሚውቴሽን ነው አለኝ። ሚውቴሽን በሽታ አይደለም እንዴ? ከሁሉም በላይ ያስጨነቀኝ ግን ባለቤቴ ከወለደች 4 ወሯ ነው። ልጄ የእኔን ወርሳ ከሆነ የጡት ወተቱስ አይጎዳትም?

የባዮሎጂ መምህር፦
ወንድሜ፣ እንኳን ማርያም ማረቻት። መጀመሪያ ስለ ልጅህ። ጡት እንዳታስጥሏት! ወተት ውስጥ ላክቶስ የሚባል ስኳር አለ፣ እሱን የሚፈጨው ደግሞ ላክቴዝ የተባለ ኤንዛይም፣ ማለትም አንጀት የሚሠራው ፈጪ ንጥረ ነገር ነው። ሕፃን ሁሉ ማለት ይቻላል ይሄን ኤንዛይም ይዞ ነው የሚወለደው። ሳይኖረው የሚወለድ እጅግ ጥቂት ነው፣ እሱም በመጀመሪያዎቹ ቀናት በከባድ ተቅማጥ ይታወቃል። ልጅህ 4 ወር ጠብታ ካደገች በዚህ በኩል ስጋት አይግባህ።

አሁን ወደ አንተ። ጓደኛህ ነገሩን ገልብጦታል። አንተ ላይ ያለው የጥንቱ ነው፣ ለውጡ ያለው አባትህና እናትህ ላይ ነው። ጡት የሚያጠባ እንስሳ ሁሉ ጡት ከጣለ በኋላ ላክቴዙ እየቀነሰ ይሄዳል፣ ሰውም በጥንቱ እንደዛው ነበር። ዛሬም ከዓለም አዋቂዎች 2/3ኛ ያህሉ እንዳንተ ናቸው። ያልተፈጨው ስኳር ወደ ትልቁ አንጀት ይወርዳል፣ እዛ ያሉት ባክቴሪያዎች ያብላሉታል፣ ጋዝ ይፈጠራል፣ ውኃም ይስባል። መነፋቱም ሩጫውም ከዚህ ነው።

ወላጆችህ ላይ የተለወጠው ምንድን ነው ካልክ፣ አንዲት ፊደል ናት። ዲኤንኤ ከወላጅ የምንወርሰው፣ በፊደል እንደተጻፈ ያለ የሰውነት መመሪያ ነው፤ የሰው ዲኤንኤ 3 ቢሊዮን ያህል ፊደል አለው። ክሮሞዞም 2 በሚባለው የዲኤንኤ ጥቅል ላይ፣ ከላክቴዝ ጂን (ላክቴዝን ከሚያሠራው የመመሪያው ክፍል) 14,000 ፊደል ያህል ርቆ፣ እንደ መብራት ማብሪያ ማጥፊያ የሚሠራ ቦታ አለ። እዛ ላይ አንዲት ፊደል በሌላ ስትተካ መብራቱ ዕድሜ ልክ በርቶ ይቀራል።

ከሁለቱ ተወልደህ ለምን አልወረስከውም? ከያንዳንዱ ጂን ሁለት ቅጂ አለን፣ አንዱ ከእናት፣ አንዱ ከአባት። ለወተት አንድ የበራ ቅጂ ይበቃል። አባትህ አንድ የበራ አንድ የጠፋ፣ እናትህም እንዲሁ ቢኖራቸው ሁለቱም እንደ ልባቸው ይጠጣሉ። ለልጅ የሚያወርሱት ግን ከሁለቱ አንዱን ብቻ ነው። አንተ ከሁለቱም የጠፋው ደርሶህ ይሆናል፣ ዕድሉ ከ4 አንድ ነው። ይሄ በየእርግዝናው እንደ አዲስ የሚጣል ዕጣ ነው። ስለዚህ ወንድሞችህ ጠጡ፣ አንተ አልጠጣህ፣ ዝምድናችሁ ላይ የሚለው ነገር የለም።

የዘር ውርስን ሕግ ያገኘው መነኩሴ ሜንዴል በ1866 እ.ኤ.አ. ያሳተመውን የአተር ሙከራ አስታውስ። ድቡልቡሉን ከተሸበሸበው ጋር ሲያዳቅል የመጀመሪያው ትውልድ ሁሉ ድቡልቡል ሆነ። እነሱን መልሶ ሲዘራ ግን ከ7,324 ፍሬ 1,850ው ተሸብሽቦ ወጣ። መሸብሸቡ አልጠፋም ነበር፣ አንድ ትውልድ ሙሉ ተደብቆ ቆየ እንጂ።

ሰላም ነኝ፦
መምህር፣ እኔ ግን አልተዋጠልኝም። ሁዳዴን 55 ቀን ጾሜ ፋሲካ ላይ ወተት ስጠጣ ያመኛል፣ ሳምንት ሁለት ሳምንት ሲያልፍ ይለቀኛል። ስለዚህ የልማድ ነገር ነው። አርብቶ አደሩም ዘመኑን ሁሉ ወተት ስለጠጣ ዘረመሉ ተለወጠለት ማለት ነው።

የባዮሎጂ መምህር፦
ሰላም፣ የመጀመሪያው ትክክል ነው፣ ሁለተኛው ግን አይደለም። በልማድ የሚለወጡት አንጀትሽ ውስጥ ያሉት ባክቴሪያዎች ናቸው። ወተት ሲደጋገም ይለምዱታል፣ ሲቆም ይረሱታል። ዲኤንኤሽ ግን ጾምሽም ፈታሽም ያው ነው።

ሚውቴሽን ስለተፈለገ አይመጣም፣ ይሄ ክፍል ውስጥም ደጋግሜ የምታገልበት ነገር ነው። ዲኤንኤ ሲገለበጥ የሚፈጠር የቅጂ ስህተት ነው። እያንዳንዳችን እናት አባታችን ላይ የሌሉ ከ60 እስከ 70 ያህል አዳዲስ የፊደል ለውጦች ይዘን እንወለዳለን፣ አብዛኞቹ ምንም አያደርጉም። ከብት በሚረባበት አገር ያቺ ለውጥ በአጋጣሚ ሲመጣ ግን ልዩ ነው። ድርቅ ገብቶ እህል ሲጠፋ ወተት ጠጥቶ የማይታመመው ይተርፋል፣ ይወልዳል፣ ለልጆቹም ያወርሳል። ለውጧ የበዛችው እንዲህ ሳይሆን አይቀርም። ደግሞ አንዴ ብቻ አልመጣችም። አውሮፓ ውስጥ የተለወጠችው ፊደል አንድ ናት፣ ኬንያና ታንዛኒያ ላይ ሌላ ናት፣ እኛ አገር ደግሞ የተለያዩ በርካታ ለውጦች በአንድ አካባቢ ተገኝተዋል። ሁሉም እዛችው ጠባብ ቦታ ላይ ናቸው። ይሄ ነገር ሁሌም ይገርመኛል።

ነርሷ፦
አንድ ነገር ልጨምር። ድሮ ወተት ይስማማው የነበረ ሰው ድንገት እምቢ ካለው ሁሉንም ዘር ላይ አያሳብ። ጃርዲያም አንጀትን ጎድቶ ላክቴዙን ለጊዜው ይቀንሰዋል፣ ስለዚህ ይመርመር። ክብደት መቀነስ ወይም ደም ካለበት ደግሞ ፈጽሞ አይቆይ። ጠያቂያችን እርጎ የሚስማማህ እርጎው ውስጥ ያሉት ባክቴሪያዎች ስኳሩን ቀድመው ስለሚበሉልህ ነው። ወተት ካማረህ ከምግብ ጋር ትንሽ ትንሽ ሞክር።

የአዋሽ ልጅ፦
እግዜር ይስጥልኝ። ለባለቤቴ አነበብኩላት፣ እፎይ አለች። ማታ ለአባቴ ደውዬ አያቶቼ ወተት ይጠጡ እንደነበር ጠየቅኩት። "እናቴን ታውቃታለህ፣ ዛሬም ትጠጣለች" አለኝ። እኔ ሳልወለድ ያረፈው አያቴ ግን ትኩሱን እንቢ ይል ነበር አሉ፤ ሁልጊዜ "እስኪረጋ ልጠብቅ" እያለ።