የታሰረ ወታደር አካልን ነፃ የማውጣት አቤቱታ ለመደበኛ ፍርድ ቤት ማቅረብ ይችላል? (የሌሶቶ ጉዳይ)

የሕግ ተማሪ፦
እ.ኤ.አ. በ2015 የሌሶቶ መከላከያ ሠራዊት 23 አባላቱን በአመፅ ጠርጥሮ ሲያስር፣ ቤተሰቦቻቸው በዋና ከተማዋ ማሴሩ ለሚገኘው ከፍተኛ ፍርድ ቤት አካልን ነፃ የማውጣት አቤቱታ (የእስሩ ሕጋዊነት በፍርድ ቤት እንዲመረመር የሚቀርብ ጥያቄ) አቅርበው ነበር። ወታደር የሚዳኝበት የራሱ ሕግና ፍርድ ቤት እያለው መደበኛው ፍርድ ቤት በምን ሥልጣን ገባ? የምታውቁ ብታስረዱኝ አመሰግናለሁ።

ጠበቃ ከአዳማ፦
ተጠርጣሪው አምጿል ወይስ አላመፀም የሚለው የወታደራዊ ፍርድ ቤት ጉዳይ ነው፤ አቤቱታው ግን ይህን አይነካም። የሚጠይቀው ሰውየው በማን እጅ እንዳለና በየትኛው ሕግ እንደተያዘ ብቻ ስለሆነ፣ የያዘው አካል ቀርቦ መልስ መስጠት አለበት። በሌሶቶ ደግሞ ጥያቄው የሕይወት ጉዳይ ነበር፦ የቀድሞው አዛዥ ጄኔራል ማፓራንኮዌ ማሃኦ በዚያው የአመፅ ክስ ሊይዟቸው በሄዱ ወታደሮች እ.ኤ.አ. ጁን 25 ቀን 2015 ተገድለዋል። የእስረኞቹ ሚስቶች ባሎቻቸውን በዓይናቸው ለማየት መሻታቸው የሚያስገርም አልነበረም። እስረኞቹ ችሎት የቀረቡት በእግር ብረት ነው፤ ያም ሆኖ ቀረቡ።

ወጋገን፦
በዚህ እስማማለሁ፤ የሚያሳዝነኝ ግን አፈጻጸሙ ነው። የከፍተኛው ፍርድ ቤት ዳኛ ሞናፓቲ እ.ኤ.አ. በኦክቶበር 2015 እስረኞቹ ከወህኒ ወጥተው ጉዳያቸውን ከውጭ እንዲከታተሉ ቢያዙም፣ ሠራዊቱ የለቀቀው ከፊሎቹን ብቻ ሲሆን ሌሎቹ እስከ 2016 ታስረው ቆይተዋል። በቦትስዋናዊው ዳኛ ፑማፒ የተመራው የደቡባዊ አፍሪካ ልማት ማኅበረሰብ አጣሪ ኮሚሽን የሠራዊቱ አዛዥ ካሞሊ ከሥልጣን እንዲነሱ ሐሳብ አቅርቦ ነበር፤ እሳቸው የለቀቁት ግን በ2016 መጨረሻ ነው።

ጠበቃ ከአዳማ፦
ተማሪው የእኛንም ሕግ ቢያነጻጽር ይጠቅመዋል። የሕገ መንግሥታችን አንቀጽ 19(4) የያዘውን ፖሊስ ወይም የሕግ አስከባሪ ስለሚጠቅስ፣ የጦር አዛዥ በዚህ ውስጥ ይገባል አይገባም የሚል ክርክር ሊነሳ ይችላል። የፍትሐ ብሔር ሥነ ሥርዓት ሕግ ቁጥር 177 ግን አቤቱታ አቅራቢውን በሙያው አይለይም፤ ስለዚህ በእኔ አስተያየት ወታደርን የሚከለክል ነገር የለበትም። ከአቤቱታው ጋር የሚቀርበው ቃለ መሐላ የያዘውን ሰው ስምና የተያዘበትን ቦታ መግለጽ አለበት፤ እስረኛው ራሱ መማል ካልቻለም ሌላ ሰው ምክንያቱን ገልጾ ስለ እሱ ሊምልለት ይችላል። ቤተሰብ ካምፑንና አዛዡን አስቀድሞ ለይቶ ማወቁ የሚጠቅመው ለዚህ ነው።