ባሕር ዳር ውስጥ የፍሬን ካሊፐር በደንብ የሚሠራ ማን ነው?

የቪትዟ ልጅ፦ ሰላም የባሕር ዳር ሰዎች። ፍሬን ስይዝ መኪናዋ ወደ ግራ ትጎትታለች። ትንሽ ከነዳሁ በኋላ የፊት ግራው ጎማ ይግላል፣ የተቃጠለ ነገርም ይሸታል። አንዱ መካኒክ «የፍሬን ሸራ ቀይሪ» አለኝ። ሌላው «ሸራውን የሚጫነው ካሊፐሩ ሙሉ ይቀየር» አለ። ለበዓል በዓባይ በረሃ አድርጌ አዲስ አበባ ልሄድ ነው። የት ላሠራ? ካሊፐርስ ያገለገለ ኦሪጅናል ይሻላል ወይስ አዲስ የቻይና?

የጣና ዳር፦ ዓባይ ማዶ ያለው ጋራዥ ውሰጃት። አባቴም እዚያ ነው የሚያሠራው። ሌላ ሰው መኪናዬን አላስነካም።

ሹፌሩ፦ እህቴ፣ ስትሠሪ ቁመሽ አሠሪ። አንድ ጋራዥ ሸራ ቀይሮልኝ የካሊፐሩን ብሎን ሳያጠብቅ ለቀቀኝ። ወደ ጢስ ዓባይ ስሄድ ከፊት ጎማ ቋ ቋ የሚል ድምፅ ሰማሁ። ወርጄ ሳይ አንዱ ብሎን የለም፤ ካሊፐሩ ተንጠልጥሏል። ልጆቼ ከኋላ ተቀምጠዋል! ስመለስ «መንገዱ ነው ያላላው» አሉኝ።

ሽምብጥ፦ የትኛው ጋራዥ ነው? ስሙን ንገረን እንጂ።

ሹፌሩ፦ ስም አልጠራም። ግን እስካሁን ያንገበግበኛል።

ሽምብጥ፦ እኔንም ደህናውን ባትሪ አውጥተው ታይዋን ገጠሙልኝ። ማንን ታምናለህ?

የፔዳ ተማሪ፦ አዲስ አበባ የምትሄጂ ከሆነ ጎማሽንም አሳዪ። በዚህ ሙቀት ያረጀ ጎማ አደገኛ ነው።

ቀበሌ 13፦ ልጅቷ ስለ ፍሬን ጠየቀች፣ እናንተ ባትሪና ጎማ ትመክራላችሁ። ዓሣ የት እንደሚጣፍጥም ጨምሩላት እንግዲህ!

ጋሼ መካኒክ፦ ልጄ፣ ጋራዥ ከመምረጥሽ በፊት ምን እንደሚያሳዩሽ እወቂ። ፔዳሉን ስትረግጪ የፍሬን ዘይቱ የካሊፐሩን ፒስተን ይገፋል። ፒስተኑ የውስጡን ሸራ ከጎማው ጋር በሚዞረው ዲስክ ላይ ይጫነዋል። የቪትዝ ፒስተን በአንድ ወገን ብቻ ነው። የውጩን ሸራ የሚስበው ካሊፐሩ ራሱ ነው፣ በሁለት ፒኖች ላይ ተንሸራትቶ። የፒኖቹ ጎሚኒ ተቀዶ ውኃና አቧራ ከገባ ይዝጋሉ። ያኔ ካሊፐሩ አይንሸራተትም፣ የውስጡ ሸራ ቶሎ ያልቃል። ፒስተኑም ከዛገ እግርሽን ብታነሺም አይመለስም። ጎማው የሚግለው ለዚህ ነው።

ስለዚህ ሸራ ብቻ ብትቀይሪ አዲሱም ይቃጠላል። በክሪክ ያንሱልሽ። ፍሬን ረግጠሽ ልቀቂና ጎማውን በእጅ ያዙሩት። ካልዞረ ካሊፐሩ ላይ ያለችውን የአየር ማስወጫ ብሎን ያላሏት። ያኔ ከተለቀቀ ግፊት ታምቆ ነበር ማለት ነው፤ የፍሬን ዘይት የሚያልፍበት የጎማ ቱቦ ከውስጥ ተዘግቶ ሊሆን ይችላል። ካልተለቀቀ ፒኑ ወይም ፒስተኑ ነው። ፒስተኑ ለስላሳ ከሆነ ጎሚኒ መቀየር ይበቃል። ከተበሳሳ ካሊፐሩ ይቀየር። ያገለገለ ከገዛሽም ፈትተው ፒስተኑን ሳያሳዩሽ ብር አትክፈዪ። ፒኑ ላይ ተራ ግሪስ አያድርጉ፣ ጎሚኒውን ያሳብጠዋል፤ ለፍሬን የተሠራውን ሲሊኮን ግሪስ ይጠቀሙ። ሸራ ግራና ቀኝ አብሮ ይቀየራል።

የጣና ዳር፦ ይህን ሁሉ ዓባይ ማዶ ያሉት ያውቁታል። ውሰጃት በቃ።

የቪትዟ ልጅ፦ ጋሼ፣ እግዚአብሔር ይስጥልኝ። የፍሬን ዘይቱ ጠቁሯል፤ እሱስ ችግር አለው?

ጋሼ መካኒክ፦ አዎ፣ አስቀይሪው። የፍሬን ዘይት ከአየር እርጥበት ይስባል። ዶት 3 የሚባለው የፍሬን ዘይት አዲስ ሲሆን ቢያንስ እስከ 205 ዲግሪ አይፈላም። ውኃ ሲጠጣ ግን ወደ 140 ይወርዳል። ከደጀን ወደ ዓባይ ስትወርጂ ፍሬኑን ያለ ዕረፍት ከያዝሽ ዘይቱ ይፈላል፤ እንፋሎት ስለሚታመቅ ፔዳሉ ወለል ይነካል። ስለዚህ ማርሽ ዝቅ አድርገሽ ውረጂ፣ ሞተሩ ይያዝልሽ።

ሹፌሩ፦ ብሎኑንም ያጥብቁ! ጥብቀቱን በሚለካው በቶርክ ቁልፍ! ዓይንሽ እያየ!

ባለባጃጁ፦ ባጃጅስ ካሊፐር አለው? የኔም ወደ አንድ ጎን ይስባል።

ጋሼ መካኒክ፦ የለውም ወንድሜ፣ እሱ ታምቡር ፍሬን ነው፤ ሸራው ከበሮ በመሰለ ክብ ውስጥ ነው የሚይዘው። ታምቡሩን አስከፍትና ዘይት እንዳያንጠባጥብ እይ። ሸራው ዘይት ከጠጣ በዚያ በኩል አይይዝም።